ከአፈር በታች የሚሰማ ድምፅና የአግኚው አማና
ሜታል ዲቴክተር ለመጀመር የሚያስብ ሰው ከመሣሪያው በፊት ሊማረው ስለሚገባ ነገር

እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ሚድልታውን በምትባል ከተማ፣ አንድ የታሪክ አፍቃሪ በአንድ የፍራፍሬ እርሻ ሜዳ ላይ ሜታል ዲቴክተር ይዞ ይመላለስ ነበር። መሣሪያው ድምፅ ሲሰጠው ቆፈረ። ከአፈሩ የወጣችው አንዲት ትንሽ የጠቆረች የብር ሳንቲም ነበረች። ሰውየው ቀደም ሲል በዚያው ስፍራ የቅኝ ግዛት ዘመን ሳንቲሞችን፣ የጫማ ዘለበትና የጠመንጃ አረሮችን አግኝቶ ስለነበር ይህችም የስፓኝ ወይም የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ገንዘብ መሰለችው። ቀረብ አድርጎ ሲመለከታት ግን የተቀረጸባት ጽሑፍ ዐረብኛ ነበር።

ሳንቲሟ እ.ኤ.አ. በ1693 የመን ውስጥ የተመታች መሆኗ በጥናት ታወቀ። የየመን ገንዘብ በዚያ ዘመን ውቅያኖስ ተሻግሮ እንዴት እዚያ ሊደርስ ቻለ? ሰውየው ለዓመታት መዛግብትን ሲያገላብጥ ቆይቶ አንድ መልስ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1695 ሄንሪ ኤቨሪ የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ወንበዴ፣ የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አውረንግዜብ ንብረት የሆነችውን ጋንጅ ኢ ሰዋዪ የተባለች መርከብ ሕንድ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራት ዘረፋት። በመርከቧ ላይ ከወርቅና ከብር ሌላ ከሐጅ የሚመለሱ ሙስሊሞች ተሳፍረው ነበር። ወንበዴዎቹ ለቀናት ወንዶቹን አሠቃዩ፣ ሴቶቹን ደፈሩ፤ ከዚያም ዘረፋቸውን ይዘው ተሰወሩ። በዚያን ዘመን እንግሊዝ ኤቨሪን ለያዘ ሰው ወሮታ እስከመመደብ ብትደርስም፣ ሰውየው ሳይያዝ ቀረ። የሮድ አይላንዱ አግኚ እንደሚከራከረው፣ ሳንቲሟ ኤቨሪና ተከታዮቹ ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች መሻገራቸውን ከሚያመለክቱ ማስረጃዎች አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ በማሳቹሴትስና በኮኔቲከትም በተመሳሳይ መሣሪያ ተመሳሳይ የዐረብ ሳንቲሞች ተገኝተዋል።

ያቺ ሳንቲም በአንድ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ ሳጥን ውስጥ ብትገኝ ኖሮ ከሌሎች የየመን ሳንቲሞች የማትለይ ጥቂት ብር ብቻ በሆነች ነበር። የሑጃጆቹን ታሪክ እንደገና እንዲነሣ ያደረገው የተገኘችበት ስፍራ ነው። የት ሜዳ፣ ከምን ዕቃ ጋር፣ በየትኛው ዘመን አፈር ውስጥ እንደነበረች መታወቁ ነው። ሜታል ዲቴክተር ለመጀመር የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባ ትምህርትም ይኸው ነው።

ተቃራኒውን ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2020 በሱዳን በባዩዳ በረሃ፣ ጀበል መራጋ በተባለ የሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው የመርዌ ዘመን ስፍራ፣ ወርቅ ፈላጊዎች በከባድ ማሽን 17 ሜትር ጥልቀትና 20 ሜትር ርዝመት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ተገኙ። የቅርስ ባለሥልጣናት ስለምክንያቱ ሲያስረዱ፣ በስፍራው ያለው ድንጋይ ፓይራይት የተባለውን የብረት ማዕድን የያዘ በመሆኑ የፈላጊዎቹ መሣሪያ ሳያቋርጥ ይጮህ እንደነበር ተናግረዋል። ሰዎቹም ጩኸቱን ወርቅ ነው ብለው ተረጎሙት። ወርቅ አልነበረም፤ ለሁለት ሺህ ዓመታት የቆየው ስፍራ ግን በዚያ ድምፅ ምክንያት ጠፋ።

መሣሪያው የሚያውቀውና የማያውቀው

የሜታል ዲቴክተር አሠራር በመሠረቱ ቀላል ነው። በረዥሙ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ሳህን መሰል ክፍል በውስጡ የመዳብ ሽቦ ጥቅልሎች አሉት። አንደኛው ጥቅልል በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ አቅጣጫውን የሚቀያይር መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል። መስኩ ከብረታ ብረት ጋር ሲገናኝ በዕቃው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ ይህ ጅረት በተራው የራሱን ደካማ መስክ መልሶ ያወጣል። ሁለተኛው ጥቅልል ያንን መልስ ይሰማና መሣሪያው ወደ ድምፅ ወይም ወደ ቁጥር ይለውጠዋል።

ከዚህ እንደምንረዳው መሣሪያው ወርቅን በስሙ አያውቅም። የሚያውቀው ከመሬት በታች ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር መኖሩን፣ መልሱ ምን ያህል ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ እንደመጣ ብቻ ነው። የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ መክፈቻ ቀለበትና የወርቅ ቀለበት በመሣሪያው መስኮት ላይ ተቀራራቢ ቁጥር ያሳያሉ። ቆርኪም አንዳንድ ጊዜ እንደ ሳንቲም ጥሩ ድምፅ ይሰጣል።

ይህ ውስንነት ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ በስልክ ፈጠራው የሚታወቀው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በሰውነታቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ለማግኘት የራሱን መሣሪያ ይዞ ቀርቦ ነበር። ሙከራው አልተሳካም። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ፕሬዚዳንቱ የተኙበት ፍራሽ የብረት ሽቦ ስለነበረው መሣሪያውን ማወናበዱ ነው። ሌላው ሐኪማቸው በቀኝ ጎናቸው በኩል ብቻ እንዲፈለግ መፍቀዱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ፖላንዳዊው መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ የነደፈው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1942 በግብፅ ኤል አላሜይን ጦርነት ፈንጂዎችን ለማምከን ዋለ። ዛሬ በትርፍ ጊዜያቸው የሚፈልጉ ሰዎች የሚይዙት መሣሪያ የዚያ ዘመድ ነው።

ይህ ታሪክ ለአካባቢያችን ነዋሪ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያም ይዟል። ጦርነት ባለፈበት ምድር ላይ፣ በሰሜን አፍሪካ በረሃም ይሁን በሻም አገሮች፣ በየመንም ይሁን በኢትዮጵያ፣ ድምፅ የሰጠው ነገር ፈንጂ ወይም ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ስፍራ በትርፍ ጊዜ መሣሪያ መፈለግ ጨርሶ አይገባም። በሌላ ስፍራም ቢሆን አጠራጣሪ ነገር ያየ ሰው ሳይነካው ምልክት አድርጎ፣ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ለፖሊስ ያሳውቅ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ጀማሪዎች የሚፈጽሙት የተለመደ ስሕተት መሣሪያውን ከሳጥኑ አውጥቶ በቀጥታ ወደ ሜዳ መሮጥ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ሌላ ይመክራሉ፤ መጀመሪያ በራስ ግቢ ወይም በተፈቀደ ባዶ ስፍራ ትንሽ የመለማመጃ መደብ ማዘጋጀት። አንድ ሳንቲም፣ አንድ ምስማር፣ አንድ ቆርኪ፣ አንድ የቆርቆሮ መክፈቻ ቀለበት፣ አንድ የብር ቀለበት በተለያየ ጥልቀት ይቀበራሉ፤ የተቀበሩበት ቦታም ይመዘገባል። ከዚያ ጀማሪው በእያንዳንዱ ላይ እያለፈ ድምፁን ያዳምጣል። ከሳምንት ልምምድ በኋላ የዛገ ምስማር የተቆራረጠ ሻካራ ድምፅ፣ የብር ሳንቲም ደግሞ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢመጡበት የማይለወጥ ጥርት ያለ ድምፅ እንደሚሰጥ ጆሮው ይለያል። የዚህ ሙያ ትምህርት ከዓይን ይልቅ የጆሮ ትምህርት ነው፤ ስለዚህም የጆሮ ማዳመጫ ለጀማሪ ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ መሣሪያውን ከአፈሩ ጋር ማላመድ ነው። አፈር ራሱ የብረት ማዕድን ስለሚይዝ ድምፅ ይፈጥራል። ብዙ መሣሪያዎች ይህን የሚያስተካክል ቁልፍ አላቸው። ብረታ ብረት በሌለበት ቦታ ላይ ሳህኑን ወደ ላይና ወደ ታች እያደረጉ ድምፁ ጸጥ እስኪል ድረስ ማስተካከል ያስፈልጋል። የጀበል መራጋ ፈላጊዎች የሳቱት ይህን ነው። ምድሩ በሙሉ የሚጮህ ከሆነ የሚጮኸው ምድሩ ነው እንጂ ሀብት አይደለም። ጀማሪው የመሣሪያውን የንቃት መጠንም ከፍተኛው ላይ ማድረግ የለበትም፤ ዝቅ አድርጎ ቢጀምር የሐሰት ድምፅ ይቀንስለታል።

በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ለሚኖር ደግሞ የጨው ጉዳይ አለ። እርጥብ የባሕር አሸዋ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በአንድ ድግግሞሽ ብቻ የሚሠሩ ርካሽ መሣሪያዎች በዚያ ላይ ያለማቋረጥ ይጮኻሉ። በብዙ ድግግሞሽ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ወይም ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለውን አሠራር የሚከተሉ መሣሪያዎች ለእርጥብ አሸዋ ይሻላሉ። የኋለኞቹ ግን ተራውን ብረት ከሌላው የመለየት አቅማቸው ደካማ ነው።

አረማመድም ይማሩታል። ሳህኑ ከመሬት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በመወዛወዣው ጫፍ ላይ ሳህኑን ወደ ላይ ማንሣት የተለመደ ስሕተት ነው፤ በዚያ ከፍታ የሚያልፈው ሳንቲም አይሰማም። እያንዳንዱ ውዝዋዜ የቀደመውን በከፊል መደረብ አለበት። ተራ የሳንቲም መጠን ያለው ዕቃ በመካከለኛ መሣሪያ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ነው። ሜትሮች ወርዶ የወርቅ ሣጥን ያሳያል እየተባለ በማስታወቂያ የሚቸበቸብ መሣሪያ ገዢን ማታለያ ነው።

መቆፈርና ማቆም

ድምፅ የተሰማበትን ነጥብ ለመለየት ሳህኑን መጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ከፊት ወደ ኋላ ማሳለፍ ይበቃል፤ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ዕቃው ያለበት ነው። ሣር ባለበት ስፍራ በሦስት ጎን ብቻ ተቆርጦ ሣሩ እንደ ክዳን ይነሣል። አፈሩ በጨርቅ ላይ ይከመራል። ዕቃው ከወጣ በኋላ ጉድጓዱ እንደገና ተፈትሾ፣ አፈሩ ተመልሶ፣ ክዳኑ በእግር ይረገጣል። ሰው የቆፈረበት መሆኑ እንዳይታወቅ አድርጎ መድፈን በዚህ ሥራ የጨዋነት መለኪያ ነው። የተገኘችን ጥንታዊ ሳንቲም በጨርቅ ማሸት ወይም በሎሚ ማጠብ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከዝገቱ ጋር ጽሑፉም ሊሄድ ይችላል።

ከመቆፈር የሚከብደው ግን ማቆምን መማር ነው። በእንግሊዝ አገር ሰፎክ በተባለ ክፍለ ሀገር፣ ሆክስን በምትባል መንደር፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 16 ቀን 1992 አንድ ሰው የገበሬ ጓደኛው የጠፋበትን መዶሻ በሜታል ዲቴክተር ይፈልግ ነበር። ከመዶሻው በፊት የብር ማንኪያዎች፣ የወርቅ ጌጦችና ሳንቲሞች አገኘ። መሬቱን እስከ ታች አልገለበጠም፤ ቁፋሮውን አቁሞ ከገበሬው ጋር ለመሬቱ ባለቤትና ለፖሊስ አሳወቀ። በማግስቱ የአርኪዎሎጂ ባለሙያዎች መጥተው የቀረውን በሥርዓት አወጡት። ወደ 15,000 የሚጠጉ የሮማ ዘመን ሳንቲሞችና ብዙ የወርቅና የብር ዕቃዎች ነበሩ።

አግኚው ማቆሙ ያተረፈው ነገር ብዙ ነው። ባለሙያዎቹ ዕቃው የተቀበረው በእንጨት ሣጥን ውስጥ እንደነበር፣ በሣጥኑም ውስጥ ምን ከምን ጎን ተቀምጦ እንደነበር ከቀረው ምልክት ለማወቅ ቻሉ። ሁሉም በአካፋ ተዝቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በጠፋ ነበር። ድልቡ በ1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ፤ አግኚውም ድርሻውን ለገበሬው አካፈለው። መዶሻውም በኋላ ተገኝቶ ዛሬ ከሀብቱ ጋር በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

በእንግሊዝና በዌልስ ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ አግኚው ሀብት መሆኑን ባወቀ በ14 ቀናት ውስጥ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የምዝገባ ሥርዓት ደግሞ በሕግ የማይገደዱትን ተራ ግኝቶች ጭምር ከተገኙበት ነጥብ ጋር ይመዘግባል። ባለፉት ዓመታት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ዕቃዎች ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹን ያገኙት ተራ ሰዎች ናቸው።

የማን ነው?

የእንግሊዙ ሥርዓት በመላው ዓለም አይሠራም፤ በተለይ በእኛ አካባቢ አይሠራም። በግብፅ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የቅርስ ሕግ ጥንታዊ ዕቃዎችን የመንግሥት ንብረት ያደርጋል። በሳዑዲ ዓረቢያም በመሬት ውስጥ የተገኘ ቅርስ የመንግሥት ነው፤ በሜታል ዲቴክተር ቅርስ መፈለግም የተከለከለ ነው። በሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ ወንጀል ነው። ስለዚህ በስደት የሚኖር ወገናችን መሣሪያ ከመግዛቱ ወይም ከአገር ወደ አገር ይዞ ከመንቀሳቀሱ በፊት የሚኖርበትን አገር ደንብ ይጠይቅ። በጨዋታ የተጀመረ ነገር የመኖሪያ ፈቃድ እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል።

ይህ ጥያቄ ለሙስሊሙ አዲስ አይደለም። የፊቅህ መጻሕፍት ከመሬት የወጣ ሀብትን በሁለት ስም ያውቁታል። ከእስልምና በፊት የተቀበረ ድልብ ሪካዝ ይባላል፤ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ መሠረትም አንድ አምስተኛው ይወጣበታል። የሙስሊሞች ምልክት ያለበት ወይም ባለቤት እንዳለው የሚታወቅ ዕቃ ግን እንደ ሉቀጣ፣ ማለትም እንደ ወዳቂ ገንዘብ ይታያል፤ ዋጋ ያለው ከሆነ አግኚው ለአንድ ዓመት ባለቤቱን በይፋ መፈለግ አለበት። የአራቱ መዝሀቦች ዑለማ በዝርዝሩ ይለያያሉ፤ ዕቃው የተገኘበት መሬት የማን እንደሆነም በፍርዱ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ፈቂሁ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው፦ የት ተገኘ? መሬቱ የማን ነው? ምን ተጽፎበታል? የአርኪዎሎጂ ባለሙያው የሚጠይቀውም እነዚህኑ ነው። ዕቃውን ከስፍራው ነቅሎ ዝም ያለ ሰው ለሁለቱም መልስ አይኖረውም። በባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ የዛሬ ሰው የጣለውን የጋብቻ ቀለበት ያገኘ ጀማሪም ያገኘው አማና እንጂ ሲሳይ አይደለም፤ ለፖሊስ ወይም ለስፍራው ኃላፊ ያስረክብ።

በአገራችን ምድር ውስጥ ያለው

ጉዳዩ ወደ አገር ቤት ሲመጣ ይበልጥ ይከብዳል። በድሬዳዋ አቅራቢያ ባለችው ሐርላ ገበሬዎች ለብዙ ዘመን እርሻቸውን ሲያርሱ ባዕድ ሳንቲሞችንና የሸክላ ስብርባሪዎችን ያገኙ ነበር። የጥንቱ ከተማ ቤቶች በትላልቅ ድንጋዮች የተሠሩ በመሆናቸውም በአካባቢው ግዙፍ ሰዎች ይኖሩ ነበር የሚል አፈ ታሪክ ቆየ። በእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራ ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ባደረገው ቁፋሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ ሲገለጽ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የቀብር ስፍራ፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች፣ እንዲሁም የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ የነሐስና የብር ሳንቲሞች መገኘታቸው ታወቀ። ግዙፎቹ ሰዎች አልነበሩም። የነበሩት ከሩቅ አገሮች ጋር የሚነግዱ፣ መስጊድ የሠሩና ሙታናቸውን በሥርዓት የቀበሩ ሰዎች ናቸው።

እነዚያ የግብፅ ሳንቲሞች ከመስጊዱና ከንግድ ዕቃዎቹ ጋር በአንድ ስፍራ መገኘታቸው ነው በኢትዮጵያ የእስልምና ታሪክ ውስጥ አንድ ምዕራፍ የጨመረው። በሌሊት ዲቴክተር ይዞ የመጣ ሰው ለቅሞ ለነጋዴ ቢሸጣቸው ኖሮ እነርሱ በአንድ ሰብሳቢ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጡ፣ ሐርላም የግዙፎች አገር እንደተባለች ትቀር ነበር። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ዕቃውን እንዳለ እንዲጠብቅ ያዝዛል። ገና ያልተጠኑ ጥንታዊ ከተሞችና የቀብር ስፍራዎች ብዙ በሆኑበት አገር ይህ አዋጅ የሚጠብቀው የራሳችንን የትናንት ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ሜታል ዲቴክተር ለመጀመር የሚሻ ሰው ትምህርቱን በዚህ ቅደም ተከተል ቢይዘው ይጠቀማል። መጀመሪያ ሕጉን ይጠይቅ፤ ቀጥሎ ከመሬቱ ባለቤት በጽሑፍ ፈቃድ ይቀበል፤ ከዚያ በመለማመጃ መደቡ ላይ ጆሮውን ያሠልጥን። ወደተፈቀደለት ስፍራ ሲሄድ ከመቆፈሪያው ጋር ደብተርና እርሳስ ይያዝ። የመጀመሪያዋን ሳንቲም ሲያገኝ በኪሱ ከመክተቱ በፊት ቦታውን፣ ጥልቀቱን፣ ቀኑንና በአጠገቧ የነበረውን ይጻፍ፤ ፎቶግራፍም ያንሣ። የጥንት ዘመን ምልክት ካየባት ደግሞ እዚያው ያቁምና ለሚመለከተው ያሳውቅ።